የጊፍቲና የልጇ ፎቶ ዋጋ

ዩትሬክት፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፀዳለ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። አዲሱን ዓመት ለእርስዎም ለናዝሬትም የሰላም ያድርግላችሁ። ከመስቀል በፊት ልጽፍ አስቤ ሥራው ፋታ ነሥቶኝ ቆየሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የምጽፍልዎ ለሥራ ጉዳይ ነው። ድርጅታችን ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርዱ ሴቶችን የሚረዳ ፕሮጀክት ሊጀምር ነው። ለሪፖርቱና ለድረ ገጹ የአራት ቀን ፎቶ ያስፈልገናል። ከዚህ ሰው ከመላክ እዚያው ያለ ባለሙያ ይሻላል ብዬ የናዝሬትን ሥራ በስብሰባ ላይ አሳየኋቸው፤ ወደዱት። የጋሼ ሀብተወልድ ፎቶ ቤት ከእሳቸው በኋላ በልጃቸው እጅ መቆሙ እኔንም አኩርቶኛል።

ዋጋውን ግን የሚወስኑት እርስዎ መሆንዎን ነገረችኝ። "እማዬ ሳትጽፈው ቁጥር ከአፌ አይወጣም" ብላ ሳቀችብኝ። እንግዲህ እትዬ፣ እኛ ነጋዴዎች አይደለንም። እያንዳንዷ ብር ከለጋሽ ኪስ ነው የምትመጣው። ጋሼ ሀብተወልድ ነፍሳቸውን ይማረውና ለእንዲህ ያለ ሥራ ዋጋ ጠይቀው አያውቁም ነበር፤ "ለነፍሴ ይሁነኝ" ነበር የሚሉት። የታክሲና የምሳዋን ብናስብላትስ? ስሟም በውጭ አገር ይታወቅላታል።

ቁርጡን ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ቸር ይግጠመን።

አክባሪዎ፣ ሕሩይ


ኮተቤ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሕሩይ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በጤና ያግኝህ። ስለጠየቅከኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ካላየ አይቆጣም።

በስልክ የላክኸውን ድምፅም ሰምቼዋለሁ። ነገር ግን በዚህ ቤት ዋጋ የሚነገረው በወረቀት ነው። ናዝሬት ይህን ወረቀት በስልኳ አንስታ ትልክልሃለች፤ ዋናው እኔ ዘንድ ይቀመጣል።

በነጻ አንሠራም። ለዕድርም ለቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ትንሽ እናስከፍላለን። ክፋት አይምሰልህ። በነጻ የተሰጠ ፎቶ ጠያቂ የለውም፤ እጁ የገባለት ሁሉ እንዳሻው ያደርገዋል።

ለኩባንያ በቀን ሃያ ሺህ ብር ነው የምንጠይቀው፤ ለበጎ አድራጎት አሥራ ሁለት ሺህ። አራቱ ቀን አርባ ስምንት ሺህ ይሆናል። ናዝሬት ለመምረጥና ለማስተካከል ሁለት ቀን ትቀመጣለች፤ የዚያን ግማሽ እንይዛለን። በድምሩ ስድሳ ሺህ። ከዚያ በፊት ያለ ካሜራ ወጥታ ከሴቶቹ ጋር የምትውልበትን አንድ ቀን አላስከፍልህም። ሰው ሳያውቁት አንገት ላይ ካሜራ ይዞ መምጣት ነውር ነው።

ቅናሹ የራሱ ግዴታ አለው። ፎቶው ለሪፖርትና ለድረ ገጽ ለሁለት ዓመት ያገለግላችኋል። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ፖስተር ካስፈለጋችሁ እንደገና ትጠይቁናላችሁ። ደግሞ አብሮ የተነሳ ሰው ከፎቶው ተቆርጦ አይወጣም። ይህ በቅናሽም በሙሉ ዋጋም አይለወጥም።

ስለ ሀብተወልድ የጻፍከው እውነት ነው። ዋጋ አይጠይቅም ነበር።

በሄድክበት ሁሉ ጥላ ከለላ አይጥፋህ።

ፀዳለ


ዩትሬክት፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፀዳለ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቤቱ ሁሉ ሰላም ነው?

ወረቀትዎን ለኃላፊዬ ተርጉሜ አነበብኩላት። "እኚህ ሴትዮ ጠበቃ ናቸው?" አለችኝ። ስድሳ ሺሁን ተስማምተናል። እኛ ያለን ውል "ፎቶው በሙሉ ለዘለዓለም የድርጅቱ ነው" የሚል ስለሆነ የሁለት ዓመቱ ነገር ትንሽ አከራከረን፤ ለጊዜው የእርስዎን ፈርሜ ልኬአለሁ። እትዬ፣ በትውውቅ ሥራ ሰጠ ተብዬ እንዳልወቀስ እርስዎም ያግዙኝ እንጂ። እኔ በዚህ ቢሮ የምታመነው በለጋሽ ገንዘብ ባደግኩበት ታሪኬ ነው። በየዓመቱ ለጋሾች ሲሰበሰቡ መድረክ ላይ የሚያቆሙት እኔን ነው።

ናዝሬት ትጀምር። በርቱ።

አክባሪዎ፣ ሕሩይ


ኮተቤ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሕሩይ፣

ይህ ጾም በደህና ይፈጸምልህ። እኛ ደህና ነን።

ሥራው አልቋል። ፎቶዎቹን ናዝሬት ልካልሃለች። እኔም በመጀመሪያው ቀን አብሬያት ወጥቼ ነበር። እንጦጦ ፓርክ በር ላይ መኪናው መቆሚያ አጥቷል፤ ወጣቱ ለመዝናናት ይወጣል፣ እነዚያ ሴቶች ደግሞ ከላይኛው ጫካ ጎብጠው ይወርዳሉ። ከሸክሙ በታች የሚታይህ እግር ብቻ ነው።

ከሁሉም አንዲት ጊፍቲ ነገሳ ከምትባል ጋር ተግባባን። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ልጇ ሃይሚ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትንሽዬ የራሷ የጭራሮ እስር አላት፣ እናቷን ተከትላ ትወርዳለች። ናዝሬት ስለ ሥራው ስታስረዳት ጊፍቲ ሸክሟን ግንብ ላይ አሳርፋ ሰማቻትና፣

"እና ፎቶዬ ከእኔ ቀድሞ አውሮፕላን ሊሳፈር ነው?" አለች።

"በስልክ ነው የሚሄደው" አለቻት ናዝሬት።

"ይሻላል፤ ቪዛ አይከለክሉትም።"

አብረዋት የነበሩት ሴቶች በሳቅ ወደቁ። አንዲቱ "አንቺን አይተው ነው ብር የሚሰጡት? ከፍለው ይሸሻሉ እንጂ!" ብትላት ጊፍቲ የጭራሮ ስንጥር ወረወረችባት።

ናዝሬት ካነሳቻቸው ሁሉ የሚበልጠው የእናትና የልጅ ነው፤ ሃይሚ እስሯን ተሸክማ ወደ ካሜራው ታያለች፣ ጊፍቲ አጠገቧ ቆማ የልጇን መቀነት ታጠብቃለች። ከባለሙያ ጋር አርባ ዓመት ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ፎቶ በዓመት አንድ ቢገኝ ነው። አንድ አትመን ለጊፍቲ ሰጥተናታል።

መድረሱን ጻፍልኝ።

ፀዳለ


ዩትሬክት፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፀዳለ፣

የገናና የጥምቀት በዓል እንዴት አለፈ? ሳልመልስልዎ ስድስት ሳምንት አለፈኝ፤ እውነቱን ለመናገር ምን ብዬ እንደምጽፍ እያመነታሁ ነው።

ፎቶዎቹ ቢሮውን አስደንቀዋል። በተለይ የልጅቷ። ኃላፊዬ የዘንድሮው ትልቁ ፖስተር እሱ እንዲሆን ትፈልጋለች፤ በባቡር ጣቢያ ሁሉ ይለጠፋል። ነገር ግን ልጅቷ ብቻዋን እንድትሆን ነው። እናቲቱ ከጎን ስላለች ናዝሬት በቀላሉ ልታወጣት ትችላለች። ሰው የሚሰጠው ብቻውን ለቆመ ልጅ ነው፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ለዚህ ለአንዱ ፎቶ፣ ከነሙሉ መብቱ፣ መቶ ሃምሳ ሺህ ብር አስፈቅጃለሁ። ከአራቱ ቀን ሥራ ሁሉ ይበልጣል። ለፎቶ ቤቱ ጣሪያ ማደሻም ለአዲስ ካሜራም ይበቃል። ብሩ ለእናንተ ነው፤ ከዚያ በኋላ የምታደርጉትን ማንም አይጠይቃችሁም።

ደንብዎን አውቃለሁ። ግን እኔም እኮ በአንድ ጉርድ ፎቶ ነው ለዚህ የበቃሁት። እናቴ እንኳን ገብቷት ራሷን ከወረቀቱ አስወጥታለች። አንጀት ያላት ሴት አልነበረችም፤ ብልህነቷን ግን አልክድም። ጊፍቲ ከእሷ በምን ትበልጣለች?

ቶሎ ይመልሱልኝ።

ሕሩይ


ኮተቤ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሕሩይ፣

እግዚአብሔር ይህን የምታነብበት ልብ ይስጥህ። እኔም የምጽፍበትን ለምኜ ነው የተቀመጥኩት።

ስለ እናትህ የጻፍከው እውነት አይደለም። ሐሰቱ ደግሞ የእኔ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመትህ ነበር፤ አባትህ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱ። እናትህ ዓለም ለገና ታጥባ፣ ፀጉሯን ተተኩሳ አንተን ይዛ ወደ ፎቶ ቤታችን መጣች። አንድ ላይ ተነሳችሁ። እጇ ትከሻህ ላይ ነበር። ከሳምንት በኋላ ችግረኛ ልጆችን ከውጭ ረጂዎች ጋር የሚያገናኝ ሰውዬ መጣ። ሀብተወልድ የጠየቀውን ፎቶ ሁሉ በነጻ ሰጠው። የአንተን ሲያይ "የዚህ ልጅ ጉርድ የለም ወይ?" አለ። ከቤተሰብ ፎቶ ጉርድ ማውጣት በየፎቶ ቤቱ የዕለት ሥራ ነበር። ጨለማ ክፍል ገባሁ፤ ከፎቶ ማጉያው ሥር ካርቶን ጋርጄ ዓለምን አስቀረኋት። ትከሻህ ላይ ጣቶቿ ቀሩ። እነሱን በቀጭን ብሩሽ አጠፋኋቸው።

ከዚያ ሰውዬው ዘንድሮ ቦታ ያለው ሁለቱም ወላጆቻቸው ለሞቱባቸው ብቻ ነው አለ። ሀብተወልድ "ዓለምን እንጠይቃት" አለኝ። ዓለም እንጦጦ ጭራሮ ለቀማ ወጥታ ነበር። "እስክትወርድ ሰውዬው ይሄዳል፤ እኔ አውቅላታለሁ" አልኩ። ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደል በራሴ የለየሁ ሴት ነኝ፤ በጽሕፈቴ እኮራ ነበር። ከፎቶው ጀርባ አሳምሬ "እናትም አባትም የሌለው" ብዬ ጻፍኩ።

ዓለም የሰማችው ከውጭ የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲደርስህ ነው። "በቁሜ ቀበርሽኝ" አለችኝ። ቆየችና "ልጄ ከበላ ይሁን። ግን እሷ ናት ያስጻፈችኝ እንዳትዪ" አለች።

በ1986 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር ልትሄድ ስትሰናዳ ይህን ጽሑፍ ፋይልህ ውስጥ አግኝተህ ጠየቅከኝ። "እናትህ ናት ያስጻፈችኝ" አልኩህ። አጠገባችን ነበረች። ቀና ብላ አየችኝ፤ አላስተባበለችም። አንተም ሳትስማት ወጣህ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ስትኖር በየእሑዱ እየመጣች "ጻፈ ወይ?" ትለኝ ነበር። አንተ ለእኔ ትጽፍ ነበር፤ ስሟን ግን አታነሣም። እኔም "ሰላም ብሎሻል" እላት ነበር። እስክትሞት "ሰላም ብሎሻል" አልኳት።

ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ አፍሬያለሁ። መቶ ሃምሳ ሺሁን ግን አልፈልግም። ጊፍቲ አትቆረጥም።

ፀዳለ


ዩትሬክት፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ፀዳለ፣

ስለ እናቴ አሁን አልጽፍም። አልቻልኩም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። መቶ ሃምሳ ሺህ ብር አልፈልግም ብለው ሲመልሱ ጊፍቲን ጠይቀዋታል?

እናቴን ሳይጠይቁ ቆረጡ። ጊፍቲን ሳይጠይቁ አልቆርጥም አሉ። ሁለቴም "አውቅላታለሁ" ያሉት እርስዎ ነዎት።

የቢሮው ቀነ ገደብ መጋቢት 15 ነው።

ሕሩይ


ኮተቤ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሕሩይ፣

ደብዳቤህን ካነበብኩ በሦስተኛው ቀን ናዝሬትን ይዤ ወደ ጊፍቲ ቤት ወጣሁ። አልጠየቅኳትም ነበር። ልክ ነህ።

ቤቷ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ዳገቱ ላይ ነው፤ ጉልበቴን ተቀምጬ እያሳረፍኩ ደረስኩ። የሰጠናት ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሁሉንም ነገርኳት። ልጇን ብቻዋን እንደሚፈልጉ፣ ስንት እንደሚከፍሉ፣ ሳልጠይቃት እምቢ ማለቴን።

"ስንት አሉኝ?" አለች።

"መቶ ሃምሳ ሺህ።"

"እና እርስዎ አይሆንም አሉ?"

"አዎ።"

"እማማ፣ ጭራሮውን የሚሸከሙልኝ እርስዎ ነዎት እንዴ?"

ናዝሬት መሬት መሬት ታያለች። ጊፍቲ ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"ከብሩ ለእኔ ስንት ይደርሰኛል?"

"ከሦስት እጅ ሁለቱ" አልኳት። ይህን በመንገድ ላይ ቆርጬ ነበር የወጣሁት።

"መቶ ሺህ!" ከእኔ ፈጥና አሰላችው። "በሱ ከጫካው ወጥቼ አንድ ጉሊት እከፍታለሁ። ይቺም በመስከረም ትምህርት ቤት ትገባለች። እኔ እንደሆነ በፎቶው ላይ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ ብቆረጥ አይቆጨኝም" አለች። ናዝሬት ሳቀች። ጊፍቲ ግን አልሳቀችም።

"እናት የላትም ብለው ይጽፋሉ?" አለችኝ።

"ባይጽፉም ያየ ሁሉ እንደዚያ ያስባል።"

"እንግዲያው ከሥሩ ይጻፍልኝ። በትልቁ። ካልጻፉት ብራቸውንም ፎቷቸውንም ይተዉት፤ የለመድኩት ሸክም አለኝ።"

የነገረችኝ ቃል ይህ ነው፤ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም፦ "ይህች ሃይሚ ናት። እናቷ ጊፍቲ ነገሳ አጠገቧ ቆማ ነበር። ከፎቶው እንድትወጣ የፈቀደችው ራሷ ናት።"

አንብቤላት በጣቷ ፈረመች። ደንቤን ያፈረሰችው ባለጉዳይዋ ራሷ ስለሆነች እኔም ፈርሜያለሁ። ዋጋው መቶ ሃምሳ ሺህ ብር ነው። ፎቶው ለሁለት ዓመት፣ ከነጽሑፉ ብቻ ይወጣል። ያለ ጽሑፉ አንድ ቦታ ቢለጠፍ ውሉ ፈርሷል።

ልንወጣ ስንል "ከዚያ ማዶ የሚፈርመው ሰውዬ የማን ልጅ ነው?" አለችኝ። ጭራሮ ተሸክማ ያሳደገችው የዓለም ልጅ ነው አልኳት።

ፀዳለ


ዩትሬክት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ፀዳለ፣

ብሩ ትናንት ተልኳል። ፖስተሩ ከነጽሑፉ ይወጣል።

በቀላሉ አልሆነም። ጽሑፉን በስብሰባ ላይ ሳነበው ኃላፊዬ "እናት እንዳላት ካወቁ ማን ይሰጣል?" አለች። "እኔም እናት ነበረችኝ" አልኳት። የምቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጉርዱን፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን፣ ሃያ ዓመት መድረክ ላይ ወላጅ አልባ ነበርኩ እያልኩ የተናገርኩትን። ፖስተሩን ያጸደቁት ከርኅራኄ ይሁን ከሐፍረት አላውቅም። ለእኔ ግን ከእንግዲህ መድረክ የለም፤ ፋይሌ ይመርመር ተብሏል። በሥራዬ ልቆይ አልቆይ ከሰኔ በፊት አይታወቅም።

ለእርስዎ ይቅርታ አላደረግኩም። ልዋሽዎ አልፈልግም። አንዳንድ ቀን አዝንልዎታለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደብዳቤዎን እንኳ በዓይኔ ማየት አልችልም። በየእሑዱ "ጻፈ ወይ?" ስትል የሚታየኝ ፊቷ አይደለም። ፊቷን ረስቼዋለሁ። ያ ነው የማልችለው።

በግንቦት አጋማሽ አሥር ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። በሆቴል ነው የማርፈው፤ ለምሳም ለእራትም አይድከሙ። አንድ ቀን ብቻ እፈልግዎታለሁ። የት እንደተቀበረች የሚያውቅ ከእርስዎ በቀር ሰው አልቀረልኝም። ይዘውኝ ይሂዱ። ጉልበትዎ ካመመዎት መኪና እይዛለሁ።

መቃብሯ ላይ ስም ተጽፎ እንደሆነ አስቀድመው ይንገሩኝ። ካልተጻፈ የሚጻፈውን እኔ አመጣለሁ። እርስዎ አይጻፉት።

ሕሩይ